ውሃው ወዴት ይሄዳል?

ባንክ ሲነሣ አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን የደመወዝ ቀን ነው። ገንዘብ ገባ፥ ገንዘብ ወጣ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አንጠይቅም። ከመካከላችሁ ግን ዛሬ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ያላችሁ አንዳንዶቻችሁ፥ ነገ ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ፥ የብድር ክፍል ከሚባለው ቢሮ መቀመጣችሁ አይቀርም። በወረዳና በከተማ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ የምትጽፉት ደግሞ ከወዲሁ ተቀምጣችኋል። የዛሬው ጨዋታ ይበልጡን የሚመለከተው እናንተን ስለሆነ፥ ቁጥር ቢበዛበት ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

እስኪ በሐሳብ ጅማ እንውረድ። ጊንጆ ጉዱሩ ቀበሌ ውስጥ ቤት ያለው አንድ ነጋዴ አለ እንበል፤ ስሙንም አቶ እገሌ እንበለው። እኔ የፈጠርሁት ሰው ነው፤ የሚመስሉት ግን በጅማም በአጋሮም በሊሙም ሞልተዋል። አቶ እገሌ ቤቱን የሠራው በቡና ንግድ ነው። ጀንፈል ሲገዛና ሲሸጥ ኖሮ፥ አሁን ከፍ ያለ ነገር አሰበ። ከከተማው 40 ወይም 50 ኪሎ ሜትር ርቆ፥ በጎማ ወረዳ ከአንድ ትንሽ ወንዝ ዳር የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሊተክል ነው። ለማሽኑ፥ ለማድረቂያው አልጋ፥ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለእሸት መግዣ ገንዘብ ያስፈልገዋልና ወደ ባንክ ሄደ።

ባንኩ ምን ይጠይቀዋል? የቤቱን ካርታ ይጠይቀዋል። መሐንዲስ ይልክና ቤቱን ያስለካል፤ ግድግዳው ብሎኬት ነው ወይስ ጭቃ፥ ቆርቆሮው ስንት ዘመኑ ነው፥ መኪና ከደጁ ይደርሳል ወይስ አይደርስም፥ ይህ ሁሉ ይጻፋል። የባለቤቱ ፊርማ ይፈለጋል። የንግድ ፈቃድ፥ የግብር ክሊራንስ፥ ያለፈው ብድር እንዴት እንደተከፈለ፥ ሁሉም በየተራው ከፋይሉ ይገባል። ፋይሉ ወፍራም ነው፤ ባንኩ ሥራውን ዘነጋ የሚያሰኝ ነገር የለም። ነገር ግን ገንዘቡ የሚሄደው ወደ ወንዙ ሲሆን፥ መርማሪው የሚያየው ቤቱን ነው። ቤቱ ጊንጆ ጉዱሩ ነው፥ ወንዙ ጎማ ነው። ከዚያ ወፍራም ፋይል ውስጥ ስለ ወንዙ የተጻፈ አንድ ገጽ ብትፈልጉ ላታገኙ ትችላላችሁ።

ይህ የሆነው በስንፍና አይደለም። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፥ አይለወጥም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ይህን ደንግጓል። ስለዚህ ባላገሩ የቡና ማሳውን አስይዞ መበደር ሳይችል ኖረ፤ ባንኩም ዓይኑን ወደ ከተማ ቤት መለሰ። ኋላ ላይ ነገሩ ላላ አለ። በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የተከማቸ ምርትና መሣሪያ የመሰለው ሁሉ በመያዣነት እንዲያገለግል በር ከፈተ፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ ባለይዞታው መሬቱን ሳይሆን በመሬቱ የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቀደ። ይህን ከአእምሯችሁ አታውጡት፤ እንመለስበታለን።

አቶ እገሌን ግን አትፍረዱበት። የጅማ ቡና ለብዙ ዘመን በውጭ ገበያ ስሙ የታወቀው «ጅማ 5» በሚባለው ደረጃ ነው። ከነገለፈቱ በፀሐይ የደረቀ፥ ጉድለቱ የበዛ፥ ዋጋውም ከይርጋ ጨፌ ቡና እጅግ ዝቅ ያለ ነው። ጥፋቱ የዛፉ አይደለም። ያው ዛፍ ቀይ ቀዩ ብቻ ተለቅሞ፥ በዕለቱ ተፈልፍሎና ታጥቦ፥ በአልጋ ላይ በጥንቃቄ ሲደርቅ ሌላ ቡና ይሆናል። ማስረጃ የሚፈልግ ካለ ከአጋሮ ወጣ ብሎ ያለውን የዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር ይመልከት። ማኅበሩ በእ.ኤ.አ. 2010 ተቋቋመ፥ የማጠቢያ ማሽን ተከለ፤ በ2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ቡናዎች ውድድር ዳኞቹ ከሁሉ የተሻለው የዱሮሚና ቡና ነው ብለው ፈረዱ። ከዚያ በፊት የዚያ ሰፈር ቡና ከጀንፈሉ ጋር ተደባልቆ ስም አልነበረውም። ዱሮሚና ማለት በኦሮምኛ ከባለጠግነት ጋር የተያያዘ ቃል ነው፤ ስሙን ያወጡት ሰዎች የሚፈልጉትን ያውቁ ነበር።

ስለዚህ ማጠቢያ ጣቢያ አይተከል የሚል ሰው የገበሬውን ኪስ የማያውቅ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ታጥቦ ሲያበቃ ውሃው ወዴት ይሄዳል?

እሸት ቡና አይታችኋል። 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ወደ 6 ኪሎ የሚጠጋ እሸት ይፈለጋል። የቀረው ቀዩ ልጣጭ፥ ፍሬውን የሚሸፍነው የሚያዳልጥ ሙጫና ውሃ ነው። ሙጫውን ልጆች ሲመጡት የሚጣፍጣቸው ስኳር ስላለበት ነው። በማጠቢያ ጣቢያ ልጣጩ በማሽን ይገፈፋል፥ ፍሬው በገንዳ ውስጥ ያድርና ሙጫው ይፈታል፥ ከዚያም በብዙ ውሃ ይታጠባል። ያ ስኳርና ልጣጭ የበዛበት ውሃ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ይኮመጥጣል፥ ይጠቁራል፥ ይሸታል። ስኳሩን የሚበሉት ረቂቃን ነፍሳት በአንድ ጊዜ ይራቡና በውሃው ውስጥ የሟሟውን አየር ይጨርሱታል። ዓሣም ሆነ የውሃ ውስጥ ትል የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው።

ይህን በግምት የምናገር እንዳይመስላችሁ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ያሉበት አንድ የምርምር ቡድን በጅማ ዞን ከ23 የቡና መፈልፈያና ማዘጋጃ ጣቢያዎች ያልተጣራ ቆሻሻ የሚወርድባቸውን 18 ወንዞች በ44 ቦታዎች ላይ መርምሮ፥ ውጤቱን በእ.ኤ.አ. 2012 አሳትሟል። ከጣቢያዎቹ በላይ ያለውን ውሃ ከበታች ካለው ጋር አነጻጸረ። በማጠቢያው ወራት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ተብላልቶ እስኪያልቅ የሚፈጀው የአየር መጠን እስከ 1,900 ሚሊግራም ደርሶ ተገኘ። ተራ የከተማ ፍሳሽ ጥቂት መቶ ብቻ ነው። የሟሟው አየር ደግሞ ከ0.01 ሚሊግራም በታች ወረደ፤ ይኸውም የለም ማለት ነው። የማጠቢያው ወራት ሲያልፍ አየሩ ቀስ በቀስ ይመለሳል። ነገር ግን ንጹሕ ውሃ ብቻ የሚስማማቸው ትንንሽ ፍጥረታት ብዛት አብሮ አልተመለሰም። ወንዙ በበጋው መጨረሻ ለዓይን ንጹሕ ሆኖ ሳለ በውስጡ የተጎዳ ነው ማለት ነው።

ጊዜውም ክፉ አጋጣሚ አለው። እሸት የሚደርሰው ዝናቡ ከቆመ በኋላ፥ በጥቅምት፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ወንዙ በየቀኑ እያነሰ የሚሄደው ያን ጊዜ ነው፤ ቆሻሻው በየቀኑ የሚበዛውም ያን ጊዜ ነው። ከታች ያለችው እናት እንስራዋን ይዛ የምትወርደውም፥ ከብቱ የሚጠጣውም ከዚያው ነው።

ውሃው የት ድረስ እንደሚሄድ ካርታ ዘርግታችሁ ብታዩ ትገረማላችሁ። በጅማ ከተማ መካከል የሚያልፈው አዌቱ በቦዬ ረግረግ አልፎ ወደ ግልገል ጊቤ ይገባል፤ ግልገል ጊቤ ኦሞ ሆኖ እስከ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል። ከአጋሮ በኩል ያለው ውሃ ደግሞ ወደ ዴዴሳ ነው፤ ዴዴሳ ወደ ዓባይ። አንዱ ኮረብታ ለሁለት ባሕር ያካፍላል። ከደመወዛችን ቦንድ የገዛንለት፥ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ትልቁ ግድብም ከሚጠራቀምለት ውሃ ከፊሉ ከእነዚህ የቡና ጅረቶች የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ባንኩ እንመለስ። «ወንዙን መጠበቅ የባንክ ሥራ ነው ወይ? ባንክ ገንዘብ አበድሮ ገንዘብ ይሰበስባል፤ ወንዙን የሚጠብቅ ሌላ መሥሪያ ቤት አለ» የሚል ሰው ይኖራል። ንግግሩ ያለ ምክንያት አይደለም። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በአንዱ ወንዝ ላይ ሁለት ጣቢያ ተተክሏል እንበል፤ አንዱ ከላይ፥ አንዱ ከታች። ሁለቱም ከዚያው ባንክ ተበድረዋል። የታችኛው ቡና የሚያጥበው በምን ነው? የላይኛው ባቆሸሸው ውሃ ነው። ቡና ደግሞ እንደ ቅቤ ሽታ የሚቀበል ነገር ነው፤ በገማ ውሃ የታጠበ ቡና ሲቀመስ ይታወቃል፥ ደረጃው ይወርዳል፥ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ባንኩ በቀኝ እጁ ለላይኛው ያበደረው ገንዘብ በግራ እጁ ለታችኛው ያበደረውን እየበላበት ነው። በሁለቱ ፋይሎች ውስጥ ግን ሁለት የከተማ ቤቶች እንጂ አንድ ወንዝ የለም፤ ስለዚህ ፋይሎቹ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም።

የጅቡንና የአህያዪቱን ተረት ታውቁታላችሁ። ጅቡ ከላይ፥ አህያዪቱ ከታች ሆነው ውሃ ሲጠጡ፥ ውሃዬን አደፈረስሽብኝ ብሎ ሲጣላት፥ ሳታመካኝ ብላኝ ያለችው ናት። በእኛ ወንዝ ላይ ግን የሚያደፈርሰው በእውነት ከላይ ያለው ነው፤ የታችኛው አቤት ቢል ማንም ፋይል አይገልጥለትም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1995 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች በአንድ ጊዜ ወጡ፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300። በመጀመሪያው መሠረት የተጽዕኖ ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ ግምገማው ታይቶ ሳይፈቀድ መጀመር የለበትም፤ የኢንቨስትመንት ወይም የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት ይህን ማረጋገጥ አለበት ተብሎ ተደነገገ። ጥሩ ሕግ ነው። በሩን ግን በፈቃድ ሰጪው እጅ አስቀመጠው፤ ስለ አበዳሪው ባንክ ዝም አለ። እናንተ የፈቃድ ጸሐፊዎች እንደምታውቁት ደግሞ ቡና አይጠብቅም። እሸቱ ቀልቷል፥ ባለ ጉዳዩ በር ላይ ቆሟል፥ አለቃ ይደውላል፥ ማኅተሙ ያርፋል። ፈቃዱ አንዴ ከወጣ በኋላ ባንኩ የሚያየው ማኅተሙን ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት ሌላው አይቶታል ብሎ ይተኛል።

ይህ የእኛ ጉድለት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከዓለም ትልልቅ አበዳሪዎች አንዱም በዚሁ መንገድ ተሰናክሏል። የዓለም ባንክ ከእ.ኤ.አ. 1981 ጀምሮ ለብራዚል መንግሥት ገንዘብ አበደረ፤ ከኩያባ እስከ ፖርቶ ቬሎ በአማዞን ጫካ ውስጥ የሚያልፈውን መንገድ አስፋልት ለማልበስና ሰፋሪዎችን ለማቋቋም ነበር። መንገዱ ተሠራ፤ ሰፋሪው ከታሰበው በላይ ጎረፈ፤ ጫካው ተመነጠረ፤ አፈሩ ግን ለእርሻ የሚሆን ሆኖ አልተገኘም። ባንኩ በ1985 ክፍያውን አቆመ። ያን ጊዜ ግን አስፋልቱ አልቋል። በ1987 የባንኩ ፕሬዚዳንት ባርበር ኮነብል በአደባባይ ቆመው ባንኩ መሳሳቱን አመኑ፤ በዚያው ዓመት የአካባቢ ጉዳይን የሚመለከት ራሱን የቻለ መምሪያ ተቋቋመ። ትልቅ ሰው ስሕተቱን በአደባባይ ሲያምን ማየት ደስ ይላል፤ ጫካው ግን አልተመለሰም።

የግል ባንኮች ደግሞ በእ.ኤ.አ. ሰኔ 2003 ዐሥር ሆነው የኢኳቶር መርሆዎች የሚባለውን ስምምነት ፈረሙ። ዛሬ ፈራሚዎቹ ከ100 ይበልጣሉ። ለትልልቅ ሥራዎች ሲያበድሩ በአካባቢና በሰው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት አስቀድመው ሊመረምሩ ቃል ገቡ። ነገር ግን መነሻው መጀመሪያ 50 ሚሊዮን፥ ኋላም ከ2006 ጀምሮ 10 ሚሊዮን ዶላር ነበር። አቶ እገሌ 10 ሚሊዮን ዶላር ቢኖረው ቡና ያጥብ ነበር? ከጎማ እስከ ሊሙ ያሉት ጣቢያዎች ሁሉ ከዚህ ወንፊት በታች ናቸው። እያንዳንዱ ጣቢያ ትንሽ ነው፤ 23ቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን 18 ወንዝ ነው።

ለእኛ የሚጠቅመው ምሳሌ ከዚያችው ከብራዚል የመጣው ሁለተኛው ነው። በእ.ኤ.አ. 2008 የብራዚል የገንዘብ ምክር ቤት ቁጥር 3545 የሆነ ውሳኔ አወጣ። በአማዞን ክልል ለእርሻና ለከብት ርቢ የሚሰጥ የባንክ ብድር፥ ተበዳሪው የመሬቱን ወረቀትና የአካባቢ ሕግን ማክበሩን ካላሳየ እንዳይሰጥ አዘዘ። ለትንንሽ ገበሬዎች ግን ሸክሙን አቀለለ። ዘበኛ በየጫካው ከማቆም ይልቅ ጥያቄውን በባንኩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው ማለት ነው። ቆይተው ነገሩን የመረመሩ የኢኮኖሚ ሊቃውንት እስከ 2011 ባለው ጊዜ በዚህ ምክንያት ከ2,700 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ጫካ ከመመንጠር እንደዳነ ገምተዋል። ባንግላዴሽም በ2011 ባንኮቿ ከማበደራቸው በፊት የአካባቢ ጉዳትን እንዲመዝኑ በማዕከላዊ ባንኳ በኩል መመሪያ አወጣች። ሁለቱም የሀብታም አገር ምሳሌዎች አይደሉም።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ግን አለ፤ ልሸሽገው አልፈልግም። አንዱ ባንክ እምቢ ቢል ሌላው ይሰጣል። ሩቅ ሳንሄድ፥ የጅማ ውሃ የሚወርድበትን ኦሞን እንመልከት። የጊቤ 3 ግድብ ሥራ በእ.ኤ.አ. 2006 ተጀመረ፤ የተጽዕኖ ግምገማው ለሕዝብ የወጣው በ2009 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይህን። በታችኛው ኦሞ ስላሉት ሕዝቦችና ስለ ቱርካና ሐይቅ ክርክሩ በረታ። ያበድራል የተባለው የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክ በ2010 ከነገሩ ወጣ፤ በዚያው ዓመት የቻይና የኢንዱስትሪና ንግድ ባንክ ለመሣሪያው ብድር ሰጠ። ግድቡ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ይህን የምታነቡበት አምፑልም ከዚያ የበራ ሊሆን ይችላል። እኔ መብራቱን አልጠላሁም። የወጣው ባንክ ግን ወንዙን አላዳነውም፤ እጁን ብቻ ታጠበ። ጥያቄው ቀድሞ፥ ሥዕሉ በወረቀት ላይ ሳለ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ፥ ቢያንስ ውሃው መቼና ምን ያህል ይለቀቅ የሚለው የመጀመሪያው ገጽ በሆነ ነበር።

እምቢ ማለት ብቻ የባንክ ጥበብ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው «እንዲህ ካደረግህ አበድርሃለሁ» ሊል ይችላል። ለቡናችን ይህ የሚቻል መሆኑ ታይቷል። በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ቴክኖሰርቭ የሚባል ድርጅት በጅማ ዞን ያሉ ኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሲረዳ፥ ከአሮጌው መፈልፈያ ይልቅ ፔናጎስ የሚባለውን የኮሎምቢያ ማሽን አስመጣ። ሙጫውን በመፈተግ ስለሚያነሣው የሚጠጣው ውሃ ጥቂት ነው፤ ውሃው ጥቂት ከሆነ ቆሻሻውን በጉድጓድ መያዝ ይቻላል። ከጣቢያው በታችም ቬቲቨር የሚባለው ሣር ተተከለ። ሥሩ ወደ ታች እንደ ገመድ ይረዝማል፥ ውሃው በመካከሉ እየተንጠባጠበ ሲያልፍ ይጣራል። ይህ ሣር ባዕድ አይደለም፤ ከጅማ አጠገብ ያለው የመልኮ የምርምር ጣቢያ ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ጀምሮ ያውቀዋል። በዚያው ሰሞን ንብ ኢንተርናሽናል ባንክ ለቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲያበድር፥ የዓለም ባንክ ቡድን አካል የሆነው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ኪሳራ ቢመጣ ከፊሉን ሊሸከም ተስማማ። የከተማ ቤት የሌለው ገበሬ በዚህ መንገድ ወደ ባንክ ገባ ማለት ነው። ከማሽኑ ጋር ጉድጓድና ሣር መኖሩን ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፤ ተበዳሪው ገንዘቡን ገና አልተቀበለም፥ ወንዙም ገና ንጹሕ ነው።

ጉድጓዱ ግን ገንዘብ ይፈጃል፥ መሬትም ይበላል፤ ይህን የሚክድ ዋሽቷል። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሞልቶ የሚፈስም አለ፤ ሣሩ ተተክሎ በከብት የሚበላም አለ። ሸክሙ በትንሹ ሰው ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ደግሞ ባንኩ የጉድጓዱን ወጪ ከብድሩ ውስጥ አስገብቶ፥ ረዘም ላለ ጊዜ ማበደር ይኖርበታል። ጉድጓድ ቆፍር ብሎ የጉድጓዱን ገንዘብ መንፈግ ቁጣ እንጂ አበዳሪነት አይደለም።

እንመለስበታለን ያልሁት ነገር ይኸውና። የባላገሩ የመጠቀም መብት መያዣ ሲሆን፥ የተከማቸው ቡናም መያዣ ሲሆን፥ የባንኩ ዋስትና ከጊንጆ ጉዱሩ ቆርቆሮ ወርዶ ከዛፉና ከወንዙ ጋር ተጣበቀ። የአውሮፓ ኅብረት በእ.ኤ.አ. 2023 ያወጣው ደንብ ደግሞ ከ2020 መጨረሻ በኋላ ጫካ ከተመነጠረበት መሬት የተለቀመ ቡና ከገበያው እንዳይገባ ይከለክላል፤ ማሳው ያለበት ነጥብ በካርታ ይታይ ይላል። የሚጀምርበት ቀን ሁለት ጊዜ ቢራዘምም ደንቡ አልተሻረም። ጀርመንና ቤልጅግ ከትልልቆቹ ገዥዎቻችን መካከል ናቸው። እንግዲህ ጫካ መንጥሮ ለተከለ ሰው ያበደረ ባንክ፥ መያዣው በመጋዘን ሳለ ገዥ ሊያጣ ነው። በበለጠ ገራ ደን በጃፓን ተራድኦ ድርጅት እገዛ የጫካ ቡና የምስክር ወረቀት ያገኙ መንደሮች ነበሩ፤ ምስክር ወረቀት ያለው ጫካ ከሌለው ይልቅ መጨፍጨፉ ቀንሶ መገኘቱን የመረመሩት ጽፈዋል። ይህም ለባንክ መርማሪ ወሬ አይደለም፥ ሒሳብ ነው።

የብድር መርማሪ ለሚሆነው አንባቢ አንዲት ነገር ብቻ ልጨምር። የእሸት መግዣ ብድር የሚጠየቀው መኸሩ ከመድረሱ በፊት ነው፤ ስለዚህ ቦታውን ለማየት የምትሄደው በነሐሴ ወይም በመስከረም ይሆናል። ያን ጊዜ ወንዙ ሞልቷል፥ ሣሩ ለምልሟል፥ ባለቤቱም ቡና አፍልቶ ይጠብቅሃል። ምንም ክፉ ነገር አታይም። ቡናውን ጠጣ፤ ከዚያ ግን ማሽኑን ከማየትህ በፊት ወንዙን ተከትለህ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ወደ ታች ውረድ። ሌላ ጣቢያ ካለ የማን እንደሆነና ከየትኛው ባንክ እንደተበደረ ጠይቅ። እንስራ ይዛ የምትመጣ ሴት ካገኘህም፥ ባለፈው ኅዳር ውሃ የቀዳችው ከየት እንደነበረ ጠይቃት፤ የምትልህንም ከቤቱ ግምት ቀጥለህ ጻፈው።